የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከነገ ዕቅዱ ጋር የሚስማሙ ኮርሶችን እንዲመርጥ የመርጃ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የኮርስ ምርጫ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ከተማሪ ጋር ቁጭ ብለው ቅጽ ለሚያስሞሉ መምህራን፣ የትምህርት ቤት አማካሪዎችና ወላጆች ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ የ15 ዓመት ልጅ ሙያውን ቆርጦ እንዲመጣ መጠበቅ አይገባም። ከእኛ የሚጠበቀው ልጁ እያንዳንዱ ምርጫው የትኛውን በር ክፍት እንደሚያቆይለት፣ የትኛውን እንደሚዘጋበት፣ የተዘጋውን ተመልሶ ለማስከፈት ደግሞ ምን ያህል ጊዜና ድካም እንደሚጠይቀው ከመፈረሙ በፊት እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ የሙያ ምክር ቢሮ ያቋቋመው ፍራንክ ፓርሰንስ ሥራውን በሦስት ከፍሎት ነበር፤ ራስን ማወቅ፣ የሥራውን ዓለም ማወቅ፣ ከዚያም ሁለቱን በምክንያት ማገናኘት። እኛ ብዙውን ጊዜ የምንሳሳተው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘልለን ሦስተኛውን በአንድ ከሰዓት ለመጨረስ ስንሞክር ነው።

ደረጃ 1፦ ቅጹ ከመድረሱ በፊት ሰነዶችን ማሰባሰብ

ቅጹ ከሚመለስበት ቀን ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ሦስት ሰነዶች በእጅ መኖር አለባቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚሰጣቸው ኮርሶች ዝርዝር ሲሆን፣ በየኮርሱ ትይዩ ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስና የሚፈለገው ዝቅተኛ ውጤት የተጻፈበት መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛው የተማሪው ያለፉት ሁለት ዓመታት ውጤት ነው፤ የዓመቱ አማካይ ብቻ ሳይሆን በየሴሚስተሩና በየትምህርቱ የተገኘው። ሦስተኛው ተማሪው ሊገባባቸው ከሚያስባቸው ተቋማት የሦስቱ የዘንድሮ የመግቢያ መስፈርት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ውይይቱ ወደ ግምት ይወርዳል።

የምርጫው መልክ ከሥርዓት ሥርዓት ይለያያል። በአንዳንድ አገሮች ተማሪው ኮርሶችን አንድ በአንድ አይመርጥም፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ በአንድ ጊዜ ሙሉ ጥቅል ይወስዳል። በእንግሊዝ አብዛኛው ተማሪ በ16 ዓመቱ ገደማ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያገለግሉ ሦስት የኤ ሌቭል ትምህርቶችን መርጦ ሌላውን ይተዋል። በተለያዩ አገሮች በሚሰጠው የኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሁለት ዓመት የዲፕሎማ ፕሮግራም ደግሞ ስድስት ትምህርቶች ይወሰዳሉ፤ ሦስቱ ወይም አራቱ በከፍተኛ ደረጃ፣ የቀሩት በመደበኛ ደረጃ። ጥቅል በሚመረጥበት ቦታ ውሳኔው አንድ ብቻ ስለሆነ ክብደቱ ይጨምራል፤ አንድ በአንድ በሚመረጥበት ቦታ ደግሞ ስሕተቱ ትንሽ በትንሽ ሲጠራቀም ቆይቶ በመጨረሻው ዓመት ይታያል።

ደረጃ 2፦ ከተማሪው ጋር ያለ ቅጽ መነጋገር

የመጀመሪያው ውይይት ቅጹ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥና ወላጅ ሳይገኝ ቢደረግ ይመረጣል፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ለመክፈቻ አይጠቅምም፤ ተማሪዋ ለዚህ ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ያጠናችው መልስ አላትና። የተሻሉት ጥያቄዎች ያደረገችውን የሚመለከቱ ናቸው። ቤት ስትደርስ መጀመሪያ የምታወጣው የየትኛውን ትምህርት ደብተር ነው? ማንም ሳያዛት የምታነበው፣ የምትጠግነው፣ የምትጽፈው ምንድን ነው? ጓደኞቿ ምን እንድታስረዳቸው ይመጣሉ? ደብሮኛል የምትለው ትምህርት ካለ የደበራት ትምህርቱ ነው ወይስ አስተማሪው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ተለይቶ ሊጠየቅ ይገባል፤ አስተማሪ በዓመቱ ይቀየራል፣ የተተወው ትምህርት ግን በዓመቱ አይመለስምና።

ጠበብ ያለ መልስ ቢመጣ አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 የተካሄደው፣ የተማሪዎችን ችሎታ የሚለካው ዓለም አቀፍ የፒሳ ፈተና መጠይቅ በ41 አገሮች ያሉ የ15 ዓመት ተማሪዎችን በ30 ዓመታቸው ምን ሥራ እንደሚጠብቁ ጠይቆ ነበር፤ ከወንዶቹ 47 በመቶው፣ ከሴቶቹ 53 በመቶው የመለሱት ከአሥር የታወቁ ሙያዎች አንዱን ነው። ልጆች የሚመርጡት ካዩት ውስጥ ነው፤ ሐኪም፣ መምህርና መሐንዲስ ዘወትር ይታያሉ፣ የመሬት ቀያሽ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ወይም የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ግን እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ከውይይቱ ማብቂያ ላይ ተማሪዋ ሰምታቸው የማታውቃቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሙያዎች ስም ሰጥቶ አንብባ እንድትመጣ ማድረግ ጠቃሚ ነው።

የዝንባሌ መጠይቆችን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙዎቹ የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበውን ሐሳብ ይከተላሉ፤ ሐሳቡ ሰውንም ሥራንም በስድስት ዓይነት ይመድባል፤ ተግባራዊ፣ መርማሪ፣ ጥበባዊ፣ ማኅበራዊ፣ ሥራ ፈጣሪና ሥርዓት አክባሪ። መጠይቁ ዝም ያለ ልጅን ለማናገር ጥሩ ነው፤ በውጤቱ ብቻ ኮርስ መምረጥ ግን ተገቢ አይደለም። ልጁ ውጤቱን አይቶ «ይሄ እኔ አይደለሁም» ካለ ያ ተቃውሞው ራሱ ከመጠይቁ የበለጠ ይናገራል።

ደረጃ 3፦ ሦስት ዕቅድ መጻፍና የጋራውን መፈለግ

ተማሪው አንድ ሳይሆን ሦስት ዕቅድ ይጻፍ። አንደኛው ዋናው ፍላጎቱ፣ ሁለተኛው ለዋናው የሚቀርብ ጎረቤት፣ ሦስተኛው ሁለቱም ባይሳኩ በደስታ የሚገባበት ተጠባባቂ ይሁን። «በደስታ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ተጠባባቂው ዕቅድ እንደ ቅጣት የሚታይ ከሆነ ተማሪው ስሙን ለመሙላት ያህል ይጽፈዋል እንጂ አያስብበትም።

ሕክምና የሚል ተማሪ ለምሳሌ ፋርማሲን በጎረቤትነት፣ የሥነ ምግብ ሳይንስን በተጠባባቂነት ሊጽፍ ይችላል። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በሦስቱም የሚደጋገመው ኬሚስትሪ ነው፤ ባዮሎጂም አብዛኛውን ጊዜ ይከተለዋል። እንግዲህ በቅጹ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ይህ የጋራ ኮርስ ነው፤ ዕቅዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢዞርም የተለፋበት ኮርስ አይባክንምና። በአንድ ዕቅድ ብቻ የሚፈለገው በሁለተኛ ደረጃ ይገባል፤ በየትኛውም የማይፈለገውና ተማሪው ስለሚወደው ብቻ የሚመርጠው ደግሞ በቀረው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ቦታ እስካለ ድረስ ይህን የመጨረሻውን መከልከል ስሕተት ይመስለኛል፤ ሙዚቃ ወይም ሥዕል የሚወስድ ልጅ ሌላውን ከባድ ሳምንት የሚችለው አንዳንዴ በዚያ ምክንያት ነው።

ምንም ዕቅድ የሌለው ተማሪ ቢመጣስ? እሱንም በዚሁ ዘዴ መርዳት ይቻላል። በጣም የተለያዩ አምስት የትምህርት ክፍሎች መስፈርት ይዘረዘርና በብዛት የሚደጋገመው ይፈለጋል፤ ከፍ ያለ ሂሳብና በደንብ መጻፍ የሚያስተምር የቋንቋ ኮርስ ከላይ መውጣታቸው አይቀርም። ከሳይንስ አንድ፣ ከማኅበራዊ ትምህርት አንድ ቢጨመርለት ለሚቀጥለው ዓመት የማሰቢያ ጊዜ ገዛ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ የመግቢያ መስፈርቱን ቃል በቃል ማንበብ

መስፈርት ሲነበብ ሦስት ዓይነት አገላለጾች ተለይተው መሰመር አለባቸው፤ የግድ የሚጠየቀው፣ ቢኖር የሚመረጠው እና ስሙ ያልተነሣው። የግድ የሆነው ከሌለ ማመልከቻው ውጤቱ እንኳ ሳይታይ ይወድቃል። የሚመረጠው ደግሞ በወረቀት ላይ አማራጭ ቢመስልም አመልካች በሚበዛበት ክፍል እንደ ግዴታ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ዝቅተኛ ተብሎ የተጻፈው ውጤትም ለመወዳደር የሚያበቃ እንጂ መግባትን የሚያረጋግጥ አይደለም።

የኮርስ ስም አሳሳች ሊሆን ስለሚችል ከስሙ አልፎ ይዘቱን ማየት ያስፈልጋል። በባካሎሬቱ ፕሮግራም ከ2019 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ሂሳብ በሁለት ዓይነት ይሰጣል፤ አንዱ ትንተና ላይ፣ ሌላው አተገባበር ላይ ያተኩራል። ሁለቱም ሂሳብ ይባላሉ፤ ሁለቱም በከፍተኛ ደረጃ ሊወሰዱ ይችላሉ፤ ሆኖም አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለሂሳብና ለምሕንድስና ክፍሎቻቸው የሚቀበሉት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በትራንስክሪፕት ላይ ያለ አንድ ተጨማሪ ቃል ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል። የተጠራጠሩበትን ነገር ለተቋሙ ሬጅስትራር ወይም የቅበላ ክፍል በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን በተማሪው ማኅደር ውስጥ ያስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ ከመጨረሻው ዓመት ወደ ኋላ መቁጠር

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። አንድ ወረቀት በአራት ዓምድ ይከፈል፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል። በግራ በኩል ትምህርቶቹ ወደ ታች ይጻፉ። አሞላሉ ግን ከቀኝ ይጀምራል፤ በ12ኛ ክፍል ዓምድ ሥር ተቋሙ የግድ የሚለው ኮርስ ይጻፍና «ይህን ለመውሰድ በ11ኛ ክፍል ምን ማለፍ አለበት?» እየተባለ ወደ ግራ ይኬዳል። ቆጠራው ተማሪው አሁን ያለበት ክፍል ላይ ሲደርስ ዘንድሮ ምን መምረጥ እንዳለበት ወረቀቱ ራሱ ይነግረዋል።

ይህ ወረቀት ሲሞላ ኮርሶች ሁሉ እኩል እንዳልሆኑ ወዲያው ይታያል። ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና የውጭ ቋንቋ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ቀለበት ከተዘለለ ቀጣዩን መያዝ አይቻልም። ታሪክን ወይም ጂኦግራፊን ግን አንድ ዓመት ሳይወስድ የቆየ ተማሪ ተመልሶ ቢገባበት በንባብ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ልጁ በሁለት ኮርሶች መካከል ሲያመነታና ሌላው ነገር ተመጣጣኝ ሲሆን ሰንሰለት የሆነውን አሁን ወስዶ ሌላውን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ይሻላል። ሰንሰለቱ አንዳንድ ጊዜ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የሞል ስሌት (የንጥረ ነገር መጠን ስሌት) ላይ ደርሶ ኬሚስትሪ አልገባኝም የሚል ተማሪ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ኬሚስትሪው ሳይሆን ከዓመታት በፊት የታለፈው የሬሾ ሂሳብ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከኬሚስትሪ ከማስወጣት ይልቅ ለአንድ ወር የሬሾ ልምምድ መስጠት ይቀልላል።

ይህን ደረጃ ከዘለልኩባቸው ጊዜያት አንዱ አይረሳኝም። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቅጹን ይዞ መጣና ኢኮኖሚክስ ማጥናት እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ በቅጹ ላይ ግን ከከፍተኛው የሂሳብ ኮርስ ወርዶ ቀላሉን መርጧል። «ለምን?» ብዬ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ኢኮኖሚክስ እኮ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው፤ ሂሳቡ አማካዬን ያወርድብኛል» አለኝ። አነጋገሩ አሳማኝ ነበር፤ ከኋላውም ሰልፍ የያዙ ተማሪዎች ነበሩና ፈረምኩለት። በመጨረሻው ዓመት ማመልከቻ ሊሞላ ሲቀመጥ ከመረጣቸው አራት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች ሦስቱ ካልኩለስ ያለበትን ሂሳብ የግድ ይሉ ነበር። ካልኩለሱን ለመውሰድ ደግሞ ያኔ የተወውን ኮርስ አስቀድሞ ማለፍ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ባለ አራት ዓምዱን ወረቀት ሳላይ አልፈርምም።

የእሱ ዓይነት ግራ መጋባት በሌሎች ዘርፎችም ስላለ ጥቂቶቹን ልጥቀስ። ሳይኮሎጂ የሚያጠና ተማሪ ስታቲስቲክስ ይገጥመዋል። ኮምፒውተር ሳይንስ ከኮምፒውተር ኮርስ ይልቅ ጠንካራ ሂሳብን የሚጠይቅበት ቦታ ብዙ ነው። ሥነ ምግብ የምግብ አዘገጃጀት ሳይሆን በአመዛኙ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። አርክቴክቸር ከሂሳብ በተጨማሪ የሥዕል ሥራዎች ስብስብ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ስብስብ በማመልከቻው ሳምንት መፍጠር አይቻልምና ሥዕሉ ሁለት ዓመት ቀድሞ መጀመር አለበት። ሕግ ደግሞ በብዙ ሥርዓቶች የተለየ ኮርስ አይጠይቅም፤ ብዙ ማንበብና በሥርዓት መከራከር የሚያስለምድ ማንኛውም ትምህርት ይጠቅመዋል። አብራሪ መሆን የሚፈልግ ልጅ ሂሳብና ፊዚክሱን ከማሰቡ ጎን ለጎን የዓይን ምርመራ አስቀድሞ ቢያደርግ መልካም ነው፤ የሕክምና ብቃት መስፈርቱ ቀለም የመለየት ችሎታን ይጨምራልና።

ደረጃ 6፦ ውጤትንና የሳምንቱን ሸክም መመዘን

ውጤት ሲታይ የአንድ ሴሚስተር ቁጥር ብቻውን ፍርድ መስጫ አይሆንም፤ አካሄዱ መታየት አለበት። ከ55 ተነሥቶ 63፣ ከዚያም 70 የደረሰ ተማሪና ከ88 ወደ 79፣ ከዚያም ወደ 70 የወረደ ተማሪ አሁን እኩል ውጤት ቢኖራቸውም ለሚቀጥለው ኮርስ እኩል ዝግጁ አይደሉም። የወረደውን ምን እንዳወረደው ሳይጠየቅ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ማሳለፍ ጉዳት አለው።

ከባድ ኮርስ መደርደር ለማመልከቻ ያምራል የሚል እምነት በተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ቁጥሩን በወረቀት ማስላት የተሻለ መልስ ይሰጣል። ባካሎሬቱን እንደገና ብንወስድ ለአንድ የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት በሁለት ዓመት ውስጥ 240 የክፍል ሰዓት፣ ለመደበኛው 150 ሰዓት ይመከራል፤ ይህ የቤት ሥራን አይጨምርም። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ በቀን ስለሚመከር ቢያንስ 56 ሰዓት ለእንቅልፍ ይነሣል። ቀጥሎ የትምህርት ሰዓቱ፣ መንገዱ፣ የቤት ውስጥ ሥራው፣ ካለም የእምነትና የስፖርት ጊዜው ይቀነስ። ተማሪው የቀረውን ሰዓት በመረጣቸው ኮርሶች የቤት ሥራ ሲያካፍለው ሁለት ከባድ ኮርስ ወይስ አራት ይችል እንደሆነ ራሱ ያየዋል፤ ከእኛ ቢሰማው ግን አትችልም እንደተባለ ይቆጥረዋል።

ደረጃ 7፦ ወላጆችን ማነጋገር

ወላጅ የሚጋበዘው ሦስቱ ዕቅዶችና ባለ አራት ዓምዱ ወረቀት ከተዘጋጁ በኋላ ነው። ባዶ ቅጽ ፊት የተቀመጠ ወላጅ ሙያ ይመርጣል፤ የተሞላ ወረቀት ፊት የተቀመጠ ግን ጥያቄ ይጠይቃል። አባት «ልጄ ሐኪም ነው የሚሆነው» ቢሉ፣ ልጁም ሌላ ነገር ቢፈልግ፣ በሙያው ስም ላይ መከራከር አያዋጣም። «አባባ፣ ይኸው ሁለቱም የሚጠይቁት ኮርስ እዚህ ላይ አንድ ነው፤ የሚለያዩት ከሚቀጥለው ዓመት በኋላ ነው» ብሎ ወረቀቱን ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩን ያበርደዋል። የሚለያዩት ዘንድሮ ከሆነ ግን ይህን መሸፈን አይገባም፤ ልዩነቱ በግልጽ ተነግሮ ተማሪው በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ዕድል ይሰጠው፤ ውሳኔውም ለአንድ ሳምንት ይቆይ።

የቴክኒክና ሙያ መንገድ ሲነሣ የወላጅ ፊት የሚቀየርበት ጊዜ አለ። ይህን አማራጭ ውጤት ሲወድቅ ብቻ የምናነሣው እኛው ስለሆንን ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ ወይም የማሽን ጥገና የሚፈልግ ልጅ የተግባር ሂሳብ፣ ፊዚክስና ቴክኒካዊ ሥዕል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ዕቅዱ እንደሌሎቹ ሁሉ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ወረቀት ላይ ይሥፈር። ከሥልጠናው በኋላ ወደ ዲግሪ መሻገር የሚፈቀድ ከሆነም ለመሻገሪያው የሚጠየቀው ኮርስ ከአሁኑ ይያዝ።

ደረጃ 8፦ መፈረም፣ መመዝገብና መልሶ ማየት

ከመፈረሙ በፊት ተማሪው ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «ይህን የመረጥኩት…» ብሎ የሚጀምር። «ጓደኛዬ ስለመረጠች» የሚል ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ሲወጣ ጸሐፊውን ያሳፍረዋል፤ አንዳንዱ እዚያው ይሰርዘዋል። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በማኅደሩ፣ አንዱ በተማሪው እጅ ይቆይ።

ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ኮርስ መቀየር የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ ቀነ ገደቡ በወረቀቱ አናት ላይ በቀይ ይጻፍ። ከቀነ ገደቡ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ለአሥር ደቂቃ መገናኘት ለዓመቱ ሙሉ ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ ልቀይር የሚል ተማሪ ቢመጣ ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ የከበደው ይዘቱ ነው ወይስ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት፣ እንዲሁም ኮርሱ በወረቀቱ ላይ የሰንሰለት አካል ነው ወይስ አይደለም። ሰንሰለት ካልሆነ ያለ ብዙ ክርክር ይቀየርለት።

ጊዜው አልፎ በሩ የተዘጋበት ተማሪም ይገጥማል። አማራጮቹ በቅደም ተከተል ይታዩ፤ የክረምት ኮርስ፣ በግል ተመዝግቦ ፈተናውን መውሰድ፣ ተቋሙ የሚሰጥ ከሆነ የመሰናዶ ዓመት፣ ወይም በጎረቤትነት በተጻፈው የትምህርት ክፍል ገብቶ በኋላ መዛወር። የመጨረሻውን አማራጭ ከመምከር በፊት ተቋሙ ዝውውር የሚፈቅድ መሆኑንና የትኞቹን ኮርሶች እንደሚቆጥር በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከላይ የጠቀስኩት ተማሪ የመረጠው ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ የጎደለውን ሂሳብ ለብቻው ተመዝግቦ መውሰድን ነበር፤ አንድ ዓመት ወሰደበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ኢኮኖሚክስ ገባ። የፈረምኩለት ቅጽ ቅጂ አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ፣ ከባዶዎቹ ባለ አራት ዓምድ ወረቀቶች በላይ ተቀምጧል።